አያ መኳንንትና የደባርቁ መኝታ

አያ መኳንንት ማረፋቸውን መጀመሪያ የነገረኝ ሰው የደወለው ከዳባት ነው። እሱን አጽናንቼ ስልኩን ሳልዘጋ ሌላው ከአምባ ጊዮርጊስ ደወለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከማክሰኝት። እሳቸው የሚኖሩት እዚሁ ፀዳ፣ ከእኔ ቤት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ነበር። የጎረቤቴን ሞት ከሦስት ከተማ በስልክ ሰምቼ፣ ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። ላለቅስ ብዬ ሳቄ መጣብኝ። ምን ላድርግ፣ የሚያውቃቸው ይፍረደኝ።

በሠልስቱ ድንኳኑ በወጣት ወንዶች ተሞላ። ያ ሁሉ ጎረምሳ ከየመንገዱ እየወረደ፣ «የክርስትና አባቴ፣ የክርስትና አባቴ» እያለ ደረቱን ይመታል። አንዲት የሰፈር ሴት ወደ እኔ ጠጋ ብላ ሰውዬው ቄስ ነበሩ ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ቄስስ አልነበሩም። የወፍጮ ዕቃ ሻጭ ነበሩ። ያን ሁሉ ልጅ ክርስትና ያነሱት ለሆቴል ላለመክፈል ነው። ይህን እዚያው ድንኳን ውስጥ እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት።

ሁለታችንም የምንሠራው ጎንደር ፒያሳ፣ ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ ነበር። ሐጂ ከአባታቸው የወረሱት የወፍጮ መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ቺንጋው፣ ኩሽኔታው፣ የወፍጮ ድንጋዩ ሁሉ እዚያ ይገኛል። እኔ ጠጋኝ ነኝ። አያ መኳንንት ዕቃውን ይሸጣሉ፣ ደንበኛ ይይዛሉ። ከማክሰኝት እስከ ደባርቅ የቆመ ወፍጮ ካለ የምንጠራው እኛ ነን። ለመንገድ ሐጂ የቁርጥ አበል ይሰጡናል፤ ብትበላበትም ያንተ ነው፣ ባትበላበትም ያንተ ነው። እኔ እበላበታለሁ። አያ መኳንንት አይነኩትም።

የማይነኩትም ወደው አልነበረም። ሚስታቸው ያረፉት ቤዛዊት የምትባለዋን አንዲት ልጃቸውን ገና ሳትራመድ ጥለውላቸው ነው። ያቺን ልጅ ያሳደጓት፣ ያስተማሯት፣ የፀዳውንም ቤት የሠሩት በመንገድ አበል ነው። ቤታቸው ስትሄድ ያስጎበኙሃል፤ ቆርቆሮው የዳባት ነው፣ በሩ የወገራ ነው፣ ይህ መስኮት ደግሞ የማክሰኝት ነው ይሉሃል። ከከተሞቹ የተገዛ እንዳይመስልህ። እነዚያ ከተሞች ውስጥ ባለመብላትና ባለመተኛት የተገኘ ነው።

አቤት የመንገድ ሥርዓታቸው! ከቤት ሲወጡ እንደ አራሽ በልተው ነው። ቦርሳቸው ውስጥ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ጋቢ አለ። ከተማ ልንገባ ስንል መፋቂያ ከኪሳቸው አውጥተው ጥርሳቸውን መፋቅ ይጀምራሉ፤ አይተህ አሁን ከምሳ የተነሡ ነው የምትለው። ባጃጅ የሚባል ነገር አይሳፈሩም። ሚኒባስም ካልቸገራቸው አይወዱም፤ አይሱዙ ጭነት ላይ ወጥተው፣ የምስር ጆንያ ተደግፈው፣ እንደ ደጃዝማች ይሄዳሉ። አንድ ቀን በብርድ ተቆራምጄ ብነጫነጭባቸው፣ ሚኒባስ የሚሄደውም ደባርቅ ነው፣ አይሱዙም የሚሄደው ደባርቅ ነው፣ ደባርቅ እንደሆነ ቦታውን አይለቅም አሉኝ።

አብሬያቸው መጀመሪያ የወጣሁ ለት ዳባት መሸብን። ዝናብ ነው። እኔ ሆዬ አንድ መብራቱ ደመቅ ያለ ሆቴል አይቼ እግሬ ወደዚያ ሲያቀና ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ሆቴል ልያዝ ነዋ፣ አያ።»

«ስማኝ ሲሳይ፤ ሰው ሠርቶ ይከፈለዋል እንጂ ተኝቶ ይከፍላል?»

ከዚያ በጭቃው መንደር ለመንደር መርተው አንድ ቤት አደረሱኝ። ገና በሩን ሳያንኳኩ ከውስጥ «አበልጅ መጡ!» ተባለ። እግራችን ታጠበ፣ ራት ቀረበ፣ መደቡ ተነጠፈልን። በነጋታው ለባለቤቲቱ ከቦርሳቸው ስኳርና ሳሙና አውጥተው ሰጧት፤ የክርስትና ልጃቸውን ጉንጩን ስመው መንገድ ገባን። እኔ እሱን ለት የዘመድ ቤት ነው ብዬ አለፍሁት። በሚቀጥለው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስም አበልጅ ወጣ። ማክሰኝትም ወጣ። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ።

በመንገዱ ላይ ያለ ባለወፍጮ ሚስቱ ካረገዘች ከአዋላጇ ቀድመው የሚያውቁት አያ መኳንንት ናቸው። ወሬውን ይዘው ቀኑን ይጠብቃሉ። ወንድ ከተወለደ በአርባ ቀኑ ነጠላ ይዘው ከች ነው፤ ክርስትና አንስተው፣ አበልጅ ተብለው፣ ለዕድሜ ልክ አንድ መኝታ ይዘው ይመለሳሉ። ሴት ከሆነች ግን ሴትን የምታነሣ ሴት ናትና፣ እግዜር በዕድሜ በጸጋ ያሳድጋት ብለው መርቀው ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋሉ። ሱቅ ውስጥ አበሉን በአበልጅ የሚያድን ሰው እያልን እንስቅባቸው ነበር። ሐጂ እንኳ አይቀሩም፤ መኳንንት ሆይ፣ መቼም በእኛ በእስላሞቹ በኩል ቀዳዳ አጥተህ ነው እንጂ አትምረንም ነበር ይሏቸዋል።

አንድ ጊዜ እኔም እልህ ይዞኝ፣ ስኳሩንና ሳሙናውን፣ የልደቱን፣ የሰርጉን፣ የለቅሶውን ወጪ ቢደምሩት ሆቴሉ አይረክስም ወይ አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ አንተ መደመር እንጂ ማካፈል አልተማርህም፣ ሂድና ለሃያ ዓመት አካፍለው አሉኝ። በሒሳብ የረታቸው ሰው አላየሁም።

ከሁሉም ቤት የሚበልጥባቸው የደባርቁ ነበር። ደባርቅን የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። እዚያ አያ ጌጡ የሚባሉ ባለወፍጮ ነበሩ፤ እኔ ሥራ ስገባ አርፈዋል፤ ቤቱን የያዙት ሚስታቸው እትዬ ዘርፌ ናቸው። ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያበዙ፣ ሲናገሩ ግን የሚደመጡ ሴት ናቸው። እሳቱ አጠገብ ያለችው መደብ የአያ መኳንንት ናት፤ ባይኖሩም ሌላ ሰው አይተኛባትም። የእትዬ ዘርፌ ልጅ አስማረ የአያ መኳንንት የመጀመሪያ የክርስትና ልጅ ነው ተብሎ በመንገዱ ሁሉ ይታወቃል። ሌሎቹ አባወራዎችም የጌጡን አበልጅ አይተው ነው ልጆቻቸውን የሰጧቸው። ያ ልጅ አድጎ የእንስሳት ሐኪም ሆነ፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ሥራ ወዳድ።

ቤዛዊት በመምህርነት ተመርቃ ስትመደብ ደባርቅ ደረሳት። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ልከራይ ብትል አባቷ ዓይናቸው ፈጠጠ። የእናትሽ ያህል የምትሆን ዘርፌ እያለች፣ ወንድምሽ አስማረ እያለ፣ ኪራይ የምትከፍይው ለማን ብለሽ ነው አሏት። በራሳቸው እጅ፣ ፍራሿን አይሱዙ ላይ ጭነው፣ እትዬ ዘርፌ ቤት አስገቧት። ሲመለሱ ደስታቸው ሌላ ነበር። የዓመት ኪራይ በአንድ ቀን አተረፍሁ እያሉ ለሱቁ ሁሉ ተናገሩ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ከእኛ ከአበሾቹ በቀር ማን ይሠራዋል? ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየች አንድ ቀን ስልክ ደወለች። እኔ ኩሽኔታ እየፈታሁ ነበር። አያ መኳንንት ስልኩን ከተዘጋም በኋላ ከጆሯቸው አላወረዱትም። ከዚያ የቺንጋ ክምር ላይ ተቀመጡ።

«ቤዛ ልታገባ ፈለገች» አሉኝ።

«እሰይ! ታዲያ ምነው ፊትዎ?»

«አስማረን ነው።»

ኩሽኔታው ከእጄ አምልጦ ኳሶቹ በሱቁ ተበተኑ። የክርስትና አባት ልጅና የክርስትና ልጅ ማለት ወንድምና እህት ናቸው፤ ከሥጋ ዝምድና ቢብስ እንጂ አያንስም። ይህን የሚያጋባ ቄስ የለም። ሁለቱ ደግሞ ያለ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ የሚጋቡ ልጆች አይደሉም፤ ያ ባይሆን ኖሮ ለአባትም ባልተነገረ ነበር። ቤዛ ያለችው እንዲህ ነው፦ ካልተቻለ እዚያ ቤት እያየሁት መኖር አልችልም፣ ወደ መተማ ዝውውር እጠይቃለሁ፣ ሌላም አላገባም። እትዬ ዘርፌ የላኩትም መልእክት ነበር። «ፋሲካ ሳያልፍ አባትሽ ይምጣ፤ ነገሩን ከራሱ አፍ እንስማ» ብለዋል።

ሐጂ ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። እሱን ለት የሳቀ የለም።

አያ መኳንንት በዚያ ጾም ውስጥ አለቁ። ድሮም ሥጋ የላቸው። መንገድ ስንጠራ እኔን ብቻ ይልኩኛል፤ ሰሜን የሚባል አቅጣጫ እንደሌለ ሁሉ ረሱት። ልጅቷ ስትደውል በጎ በጎውን አውርተው ይዘጋሉ። እኔ በልቤ፣ እዚያ ሄደው ልጆቹን ለማለያየት አቅም አጡ እል ነበር። ሌላ ነገር ሆዳቸውን እንደሚበላው አልጠረጠርሁም።

ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ማለዳ ነጭ ለብሰው ሱቅ መጡና፣ ተነሥ ደባርቅ ትሸኘኛለህ አሉኝ። ወጥተን ባጃጅ ጠሩ። ባጃጅ! መናኸሪያ ስንደርስ የሚኒባስ የፊት ወንበር ለሁለታችን ያዙ፤ ረዳቱ የጠራውን ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉ። እኔ እውነቴን ነው፣ ሰውዬው ሊሞቱ ነው ብዬ ፈራሁ።

አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። ከዚያ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

አስማረ በተወለደ በአርባ ቀኑ አያ ጌጡ ክርስትና እንዲያነሡለት ቀጥሯቸው ነበር። አያ መኳንንት ዋዜማውን ከጎንደር ይነሣሉ። ሚኒባስ አለ፤ እሳቸው ግን ርካሽ አይሱዙ ይጠብቃሉ። አይሱዙው ዘግይቶ ተነሥቶ ወገራ ላይ ጎማው ይፈነዳል፤ መለዋወጫም የለው። ጭነት ላይ አድረው ደባርቅ ሲደርሱ ቅዳሴ ወጥቷል። ልጁ ተጠምቋል። አያ ጌጡ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ሲቀሩበት፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ለምኖ አስነሥቷል። እትዬ ዘርፌ ከአራስነታቸው ስላልጠኑ ቤት ተኝተው ነበር፤ ልጁን የወሰዱት አያቱ ናቸው፣ እሳቸውም አርፈዋል። አያ መኳንንት ነጠላቸውን እንደያዙ በሐፍረት የነጌጡ ደጅ ሲቆሙ አያ ጌጡ ወጣና፣ ድግሱ በአንተ ስም ተደግሷል፣ እንግዳው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቅ፣ አታሳፍረኝ፣ አበልጄ አንተ ነህ፣ ግባ አላቸው። ገቡ። የገቡ ለት ነው አበልጅ ሆነው የቀሩት።

«ጌጡ ሞተ። ከእኛ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አሉኝ። «ዛሬ ብናገር ሙቱን ውሸታም አደርገዋለሁ። ዘርፌን ስበላት፣ ስጠጣት ኖሬ፣ አላነሣሁትም ስላት ምን ትለኛለች? ባልናገር ደግሞ ልጄ...» ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ስንደርስ ቤቱ ውስጥ እትዬ ዘርፌ፣ ሁለቱ ልጆችና የቤቱ የንስሐ አባት ነበሩ። እትዬ ዘርፌ ምስር ይለቅማሉ። ቤዛ አባቷን ስማ ወደ ጓዳው በር ተመለሰች፤ አስማረ መሬት መሬቱን ያያል። አያ መኳንንት የለመዱት መደብ ላይ እንዲቀመጡ ቢለመኑ እንቢ አሉ። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቆመው ነው የተናገሩት።

«ዘርፌ፣ እኔ አበልጅሽ አይደለሁም። ያን ለት ዘግይቼ ነው የደረስሁ። ልጁን ያነሣው ሌላ ሰው ነው። ባልሽን አትውቀሽው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለመኪና ከፍዬ ብመጣ ኖሮ እደርስ ነበር።»

ቤዛ አፏን በእጇ ያዘች። የንስሐ አባቱ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ከባድ ነገር ነው፣ እንዲህ ያለው በቃል ብቻ አይሆንም፤ ያነሣው ሰው ማን ነው ብለው ጠየቁ። አያ መኳንንት ስሙን እንደማያውቁ፣ ያኔም አፍረው እንዳልጠየቁ ተናገሩ። እኔ ተስፋዬ ሲቆረጥ ይታወቀኛል።

እትዬ ዘርፌ ከምስሩ ላይ ቀና አላሉም።

«አያ ክንዴ ነዋ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ» አሉ። «በየፋሲካው ድፎውን የማደርስለት በከንቱ መስሏችኋል?»

አያ መኳንንት አንድ እርምጃ ቀረቡ። «ታውቂ ነበር?»

«ጌጡ ያን ዕለቱን ነገረኝ። ከእናቱ የሚደበቅ ክርስትና አለ እንዴ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ልጆቹ እንዲህ ሲነዱ?»

«የእርስዎን አፍ ጠበቅሁ። እኔ ብናገረው እርስዎ ውሸታም ሆነው ይቀራሉ። ራስዎ ከተናገሩት ግን ስምዎን ለልጅዎ የሰጡ አባት ነዎት።» ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ጨመሩ፦ «ፋሲካን ቢያሳልፉት ግን እናገር ነበር፤ ለእርስዎ ስም ብዬ ልጆቼን አልገድልም።»

አያ ክንዴ ተጠሩ። በትራቸውን ተደግፈው ገቡ። ያን ሌሊት ግቢውን ጠብቀው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ አያ ጌጡ ክንዳቸውን ይዞ እንዳስቀራቸው፣ ልጁን ሲያነሡት ጋቢያቸውን እንዳረጠበባቸው፣ ያጠመቁት ቄስም ስቀው ይህ ልጅ ውለታ አይረሳም እንዳሏቸው ተረኩ። ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ሲጠየቁ፣ የጠየቀኝ የለም፤ ድፎውም በየዓመቱ ይደርሰኛል አሉ። አስማረ ዕድሜውን ሙሉ በደጃፋቸው ሲያልፍ «እንዴት ዋሉ» ብሏቸው ብቻ የሚያልፋቸውን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሳመ። የንስሐ አባቱ ያጠመቁት ቄስ በሕይወት ስላሉ እሳቸውንም ነገ እንደሚጠይቁ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግን በልጆቹ መካከል ምንም ዝምድና እንደሌለ ነገሩን። ቤዛ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ የደስታ መሆኑን ከድምፁ ታውቀዋለህ። ምንም ሳይቆይ እነ እትዬ ዘርፌ ሰርጉ ከፋሲካ ማግሥት ይሁን ወይስ ጥር ይጠበቅ ወደሚል ክርክር ገቡ፤ እኔም እንደ ዘመድ መሃል ገብቼ ፈተፈትሁ።

በዚህ ሁሉ መሃል አያ መኳንንት እንደቆሙ ናቸው። ልጃቸው ተርፋላቸዋለች፤ ፊታቸው ግን አልበራም። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ተነሥ ሲሳይ። ሳይመሽ ሆቴል እንያዝ።»

ከአፋቸው ይህ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ ዘርፌ የምስሩን ሰፌድ አስቀመጡ።

«ምን ልትይዙ?»

«አበልጅ ነኝ ብዬ ነበር የማድረው፤ ዛሬ በምን ስም ልደር?» አሉ አያ መኳንንት። «ለመሆኑ አንቺስ ዘርፌ፣ አበልጅሽ እንዳልሆንሁ እያወቅሽ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በምን ሒሳብ ነው ያሳደርሽኝ?»

እትዬ ዘርፌ ጥያቄው ግራ እንደገባቸው ሁሉ አዩዋቸው።

«ምን ሒሳብ አለው፣ አንቱ? ደባርቅ ይበርዳል። እርስዎ መጡ፤ አሳደርንዎ።»

በሒሳብ ተረትተው የማያውቁት አያ መኳንንት ይህን ማካፈል አልቻሉም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ቤዛ መጥታ ቦርሳውን ከትከሻቸው ተቀበለቻቸው።